የተኮረጀው ኮከብ

ጋሽ ጥዑመ ልሳን ከዚህ ዓለም አንድ ነገር ቀርቷቸው ነበር፤ አዲስ ኮከብ ማየት። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ፊዚክስ አስተምረዋል፣ ሦስት ልጆች ድረዋል፣ ባሕር ዳር ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ጣሪያው የማያፈስ ቤት ሠርተዋል። ሌላውን ሁሉ እግዜር አልነፈጋቸውም። አዲስ ኮከብ ግን አንዴ ክረምት መርጦ ደመና ውስጥ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ እሳቸው የፈተና ወረቀት ሲያርሙ እየወጣ ሲጠፋ ኖሯል። አሁን ስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ሳላየው ልሞት ይሆን የሚለው ስጋት ከጡረታው ጋር አብሮ መጣ።

አዲስ ኮከብ ይባል እንጂ አዲስ አይደለም። ኖሮ ኖሮ የደከመ ትንሽ ኮከብ ከጎረቤቱ ኮከብ ላይ ጋዝ እየሳበ ያጠራቅማል፤ የተጠራቀመው ሲበዛበት በአንድ ጊዜ ቦግ ይላል። ትናንት በርቀት መነጽር እንኳ የማይገኘው ዛሬ በባዶ ዓይን ይታያል። ከዚያ በየቀኑ እየደበዘዘ፣ በሁለት በሦስት ሳምንት ወደ ነበረበት ጨለማ ይመለሳል። ጋሽ ጥዑመ ልሳን ይህን ሲያስተምሩ «ነገ አየዋለሁ የሚል ሰው ትናንትን ነው የሚያየው» ይሉ ነበር። ምን ማለት እንደሆነ የገባው ተማሪ ባይኖርም ሁሉም ደብተሩ ላይ ይጽፈው ነበር።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ሦስት ሰው ሰብስበው የኮከብ ተመልካቾች ማኅበር አቋቋሙ። አንዷ የሺመቤት ናት፤ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ፣ ከመቶ ሜትር ጨርቅ ላይ የተሳተች አንዲት ክር በዓይኗ የምትለቅም ሴት። አሥራ አንደኛ ክፍል የእሳቸው ተማሪ ነበረች። ዛሬ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ሁለት ቢቀራትም፣ ስሟን ሲጠሩት አሁንም ቀጥ ብላ ትቆማለች። ሁለተኛው ሰላሁዲን ነው፤ የወረታ ሰው፣ ገበያው ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያለው፣ አባቱም አያቱም የረመዳንን ጨረቃ ከሐይቁ ዳር ቆመው ሲጠብቁ የኖሩ። ሦስተኛዋ የእሱ ልጅ ኑሰይባ ናት፤ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ። የማኅበሩ ጸሐፊም እሷ ናት፤ እንግሊዝኛውም ኢንተርኔቱም የእሷ ነውና።

ሥራቸው ብርሃናቸው የሚለዋወጥ ኮከቦችን ማየት ነው። የኮከቡን ብርሃን በአጠገቡ ካሉ፣ ልካቸው ከታወቀ ኮከቦች ጋር ያስተያዩና ቁጥር ይሰጡታል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ኮከቡ ደብዛዛ ነው፤ ባለ ሦስቱ ከባለ አራቱ ይበልጥ ያበራል። ኑሰይባ ቁጥሮቹን ውጭ አገር ላለ፣ ከየአህጉሩ እንዲህ ያለ መረጃ ለሚሰበስብ ማኅበር ትልካለች። አንድ ሕግ አላቸው፤ ያወጡትም ጋሽ ጥዑመ ልሳን ራሳቸው ናቸው። ማንም ሰው የሌላውን ቁጥር ሳይሰማና ሳያይ ይጽፋል።

ሳልነግራችሁ የቀረው ነገር እንግዲህ የእሳቸው ዓይን ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ እየሸፈነባቸው ነበር። ለማንም አልተናገሩም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማኅሌት፣ ሻይ ላይ ጨው ጨምረው ፉት ሲሉ አይተው ዝም ብለዋል። የማኅበሩ ሰዎች ደረጃ ሲስቱ አይተው ዝም ብለዋል። እሳቸውም ሰው ዝም ማለቱን አይተው ዝም ብለዋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው። አንደኛ ነገር፣ የሐኪም ቢላዋ ይፈራሉ። ሁለተኛ፣ የማያይ ተመልካች ምን ይሠራል? ቤቱ ተቀምጦ ዜና ይሰማል።

ጥቅምት ስምንት ቀን ወደ ማታ ስልካቸው ጮኸ።

«ጋሼ፣ ንስር ውስጥ አዲስ ኮከብ ወጥቷል» አለች ኑሰይባ። ንስር በዚያ ወር ፀሐይ ስትጠልቅ በምዕራብ በኩል ከፍ ብሎ የሚታይ የኮከቦች ስብስብ ነው። «ትናንት ነው የተገኘው። አንድ ጃፓናዊ ጡረተኛ ነው ያገኘው።»

ጡረተኛ መሆኑ ትንሽ ከነከናቸው። ቢሆንም ኮታቸውን አንድ እጅጌ ብቻ አጥልቀው መንገድ ላይ ወጡና ባጃጅ አስቆሙ።

የሚሰበሰቡት የሰላሁዲን እህት ዘይነት ግቢ ውስጥ ነው፤ ዓባይ ማዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ሐይቁ ዝቅ ብሎ። በምዕራብ በኩል ከደንገልና ከውኃ በቀር ሰማዩን የሚጋርድ የለም። ከሁለት ሰዓት በኋላ ባጃጅ ስለማይገኝ የሰማይ ሥራቸው ሁሉ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ማለቅ አለበት። ሲደርሱ ሦስቱም ቀድመው ቆመዋል። የማኅበሩ አንድዬ መነጽር፣ ከአንድ አስጎብኚ የተገዛችው፣ የመጀመሪያውን ተራ ለእሳቸው ይዛ ትጠብቃለች።

«እነዚያ ሦስት የተደረደሩ ኮከቦች ይታዩዎታል? ከመካከለኛዋ ደማቅ ኮከብ ወደ ታች ሁለት ጣት ያህል» አለች ኑሰይባ።

ጋሽ ጥዑመ ልሳን መነጽሩን አነሡ። አንዲት ነጣ ያለች ነገር ዋለለች። ኮከብ ልትሆን ትችላለች። የዓይናቸው ውኃም ልትሆን ትችላለች። ወደ ግራ ሄዱ፣ ወደ ቀኝ ሄዱ፤ ያችው ነገር አብራቸው ሄደች። አርባ ዓመት የጠበቁት ኮከብ እላያቸው ላይ በርቶ እሳቸው ከታቹ ጭጋግ ያያሉ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው። በዚያ ላይ ሦስት ሰው ትንፋሹን ውጦ የሚሉትን ይጠብቃል።

«አራት ነጥብ አምስት» አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ለምን አራት ነጥብ አምስት እንዳሉ ልንገራችሁ። በባዶ ዓይን የሚታይ አዲስ ኮከብ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ቢሆን ነው፤ መካከሉን የያዘ ሰው ቢሳሳትም ከአንድ ተኩል በላይ አይሳሳትም። የፊዚክስ መምህር ሲዋሽ እንኳ እንዲህ አስልቶ ነው።

ሦስት እርሳሶች ወረቀት ሳይነኩ ቆሙ። የሺመቤት ቀና ብላ ኮከቡን አየች፤ ሰላሁዲን የሺመቤትን አየ፤ ኑሰይባ አባቷን አየች። ከዚያ ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተው ጻፉ። ጋሽ ጥዑመ ልሳን ዝምታውን አድናቆት ነው ብለው ተረጎሙት።

በማግስቱ «አራት ነጥብ ስድስት» አሉ፤ በሦስተኛው ቀን «አራት ነጥብ ሰባት»። ካፈርሁ አይመልሰኝ ነው። አዲስ ኮከብ በየቀኑ እንደሚደበዝዝ ያውቃሉና በየቀኑ በነጥብ አንድ አደበዘዙት። ሌሎቹም አብረው አደበዘዙ። ሦስተኛው ማታ ቤታቸው ሲገቡ ወይዘሮ ማኅሌት «አየኸው?» ብለው ጠየቁ።

«አየሁት።»

«ምን ይመስላል?»

ጋሽ ጥዑመ ልሳን ብዙ አሰቡ። «ኮከብ ነዋ» አሉ በመጨረሻ፤ እራትም ሳያምራቸው ተኙ።

ከዚያ ሁለት ቀን ደመና ሆነ። ጥቅምት አሥራ ሦስት ግቢው ውስጥ ሲገናኙ ገና አልመሸም ነበር። ኑሰይባ ስልኳን ይዛ መሐል ቆመች፤ መረጃ ከሚሰበስበው ማኅበር መልእክት መጥቷል። እየተረጎመች አነበበች፦ «ከባሕር ዳር የላካችኋቸው አሥራ ሁለት ቁጥሮች ደርሰውናል፤ እናመሰግናለን። አራቱም ተመልካቾች በሦስቱም ምሽት እስከ ነጥቡ ድረስ አንድ ዓይነት ቁጥር ሰጥተዋል። በመጀመሪያው ምሽት የሌላው አገር ተመልካች ሁሉ ሦስት ነጥብ አራት አካባቢ ሲል፣ እናንተ አራት ነጥብ አምስት ብላችኋል። አንድ ሰው አይቶ ሌሎቹ ቀድተው ይሆን? ብታሳውቁን ደስ ይለናል።»

አጠያየቁ ጨዋ ነበር። ጋሽ ጥዑመ ልሳን ግን ከሁሉም ቃል «ቀድተው» የሚለው ብቻ ነው ጆሯቸው የገባው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የኮራጅ ወረቀት ለሁለት ሲቀድዱ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ የራሳቸውን የእህት ልጅ ከፈተና አዳራሽ አስወጥተው ዘመድ ሦስት ዓመት አኩርፏቸዋል። ደማቸው ፈላ።

«ኩረጃ!» አሉ። «እኔ ባቋቋምሁት ማኅበር ውስጥ ኩረጃ? ከማን ነው የኮረጃችሁት?»

የሺመቤት ቀጥ ብላ ቆመች። ሰላሁዲን ጫማውን ያያል። ኑሰይባ ከስልኳ ላይ ዓይኗን ሳታነሣ መለሰች።

«ከእርስዎ፣ ጋሼ።»

«ሕጉን ረሳችሁት?» አሉ ጋሽ ጥዑመ ልሳን፤ ድምፃቸው ግን ወርዷል።

«ሕጉንማ አልረሳሁም» አለች የሺመቤት። «እርስዎ ጮክ ብለው አራት ነጥብ አምስት ካሉ በኋላ እንዴት አድርጌ ሌላ ልጻፍ? የእኔን ቁጥር ከእርስዎ ቁጥር ጎን ባስቀምጠው ምን ሊመስል ነው? መምህሬን ማሳጣት አይሆንም?»

«ያየሽውን መጻፍ እንዴት ማሳጣት ይሆናል?»

«ያየሁትንማ ጽፌዋለሁ» አለችና የመመዝገቢያ ወረቀቷን ገልብጣ ሰጠቻቸው። ጀርባው ላይ በእርሳስ፣ ዝንብ የረገጠው የሚያህል ጽሑፍ አለ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ያየሁት ይኼን ነው።»

«እኔም ስልኬ ላይ ለብቻው ይዣለሁ» አለች ኑሰይባ።

ሰላሁዲንም ከደረት ኪሱ የጨርቅ ናሙና የተለጠፈባት ካርቶን አወጣ። «እኔ የባስሁ ነኝ፣ መምህር» አለ። «በጨረቃ ጊዜ አገር ሁሉ አየሁ ቢል፣ እኔ ካላየሁ አላየሁም ነው የምለው። ምስክርነት ነው፤ በራስ ዓይን ካልሆነ አይሆንም። ለጨረቃ ያላደረግሁትን ለኮከብ አደረግሁት።»

ሦስቱም ሰዎች ለእሳቸው አንድ፣ ለእውነቱ አንድ ቁጥር ይዘው ከርመዋል። ጋሽ ጥዑመ ልሳን የየሺመቤትን ወረቀት ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። አራቁት። ወደ ብርሃን ዞሩና ደግመው አስጠጉት፤ አፍንጫቸው ወረቀቱን ነካው። ዞር ብለው ሲያዩ ሦስቱም እንዳያሳፍሯቸው ብለው መሬት መሬት ያያሉ። ይሄ መሬት ማየት ነው የረታቸው።

«አላነበብሁትም» አሉ። ከዚያ፣ የተጀመረ ነገር ይለቅ ብለው፣ «ኮከቡንም አላየሁትም። አንድም ቀን አላየሁትም።»

ማንም አልደነገጠም። ይህ ደግሞ ትንሽ አበሳጫቸው።

«አውቃችሁ ነበር?»

«ከፋሲካ ጀምሮ» አለች ኑሰይባ።

ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ግድግዳ እየዳበሱ፣ ደረጃ እየቆጠሩ፣ ሲሸሽጉ የኖሩትን ነገር ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከሳቁ በኋላ ግን ሐዘኑ መጣ። ኑሰይባን ከጎናቸው አስቀመጧት።

«ጻፊ» አሉ። «አሥራ ሁለቱ ቁጥሮች የአንድ ሰው ናቸው። የዚያን ሰው ዓይን ሞራ ሸፍኖታል። ሌሎቹ የቀዱት አክብረውት ነው፤ ጥፋቱ የእሱ ነው። አሥራ ሁለቱንም ሰርዙልን። በምትካቸው ሦስቱ ተመልካቾች ያን ጊዜውኑ ለየብቻ የመዘገቧቸውን ዘጠኝ ቁጥሮች ልከናል።»

«የአራተኛውን ተመልካች ምን ልበል?»

ጋሽ ጥዑመ ልሳን ወደ ምዕራብ አዩ። ስማቸው፣ ያ አርባ ዓመት የጠበቁት ኮከብ መዝገብ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተጽፎ ነበር። በገዛ አፋቸው ሊያስፍቁት ነው።

«አላየም በዪ።»

ኑሰይባ ጻፈች። የሺመቤት ግን ፋብሪካ ውስጥ እንከን ያለበት ጨርቅ አይታ የማታልፍ ሴት ናትና እዚያ ላይ አላበቃችም። «ይኼ ኮከብ ስንት ቀን ይቀረዋል?» ብላ ጠየቀች።

«በዚህ አያያዙ ከሳምንት በኋላ በባዶ ዓይን አይታይም» አለች ኑሰይባ። «በመነጽር ምናልባት እስከ ወሩ መጨረሻ።»

«እናቴ ሞራቸውን ተገፈው በማግስቱ መርፌ ላይ ክር አስገብተዋል፣ ጋሼ» አለች የሺመቤት።

ጋሽ ጥዑመ ልሳን ያን ማታ ለወይዘሮ ማኅሌት ሁሉንም ተናገሩ፤ የቢላዋ ፍርሃታቸውንም ሳያስቀሩ። ወይዘሮ ማኅሌት ቁም ሣጥን ከፍተው የሐኪም ቤት ካርድ አወጡ። «ከሰኔ ጀምሮ ተራ ይዤልሃለሁ» አሉ። «ሁለት ጊዜ ደርሶህ ለሌላ ሰው ለቅቄያለሁ። ሦስተኛው የፊታችን ዓርብ ነው። ልልቀቀው?»

«አትልቀቂው» አሉ ጋሽ ጥዑመ ልሳን።

የቀኝ ዓይናቸው ሥራ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። እሳቸው በፍርሃት ስለ ብርሃን ስብራት ለሐኪሟ ማስረዳት ጀምረው ነበር፤ ሐኪሟ «አፍዎ ሲንቀሳቀስ ዓይንዎም ይንቀሳቀሳል፣ አባቴ» ስትላቸው ብቻ ነው ያቆሙት። በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ በመጀመሪያ ያዩት የባለቤታቸውን ፊት ነው። እያንዳንዱ መስመር ቁልጭ ብሎ ታያቸው።

«አርጅተሻል» አሉ፤ በደስታ።

«አንተ መስተዋት ጋ አልደረስህም ገና» አሉ ወይዘሮ ማኅሌት።

ከዚያ ሁለት ቀን ደመና። የጥቅምት ደመና መቼም አይጠነክርም፤ ግን በየማታው በትክክል ምዕራብ ላይ፣ በትክክል አንድ ሰዓት ላይ እየመጣ ተቀመጠ። ጋሽ ጥዑመ ልሳን በረንዳ ላይ ቆመው ይሰድቡት ነበር። ኮከቡ እየደበዘዘ ነው። ኑሰይባ ከሌላ አገር የሚመጡ ቁጥሮችን በየቀኑ በስልክ ትነግራቸዋለች፦ አምስት ነጥብ አራት፣ አምስት ነጥብ ሰባት። በባዶ ዓይን መታየቱ ሊያበቃ ነው።

ጥቅምት ሃያ አንድ ሰማዩ ጠራ። ጋሽ ጥዑመ ልሳን ዓባይ ማዶ ሲደርሱ ገና ድንግዝግዝ ነበር፤ ከሁሉም ቀድመው ተገኙ። ሌሎቹ ሲመጡ ለእያንዳንዱ ወረቀት አደሉ። «ዛሬ እኔም ዝም ነው» አሉ። ከዚያ መነጽሩን አነሡ። ሦስቱን የተደረደሩ ኮከቦች አገኟቸው፤ ነጥብ ነጥብ ሆነው፣ ጭጋግ ሳይኖርባቸው። ወደ ታች ወረዱ። ጥንድ ኮከቦች አጠገብ ደረሱ።

«አገኘኋት» አሉ፤ ዝም እላለሁ ካሉ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ። «ከእነዚያ ጥንድ ኮከቦች በስተቀኝ። ነጭ ናት።»

ሰላሁዲን ጉሮሮውን ጠረገ። ጋሽ ጥዑመ ልሳን ዝምታውን አወቁት፤ ባለፈው አድናቆት ነው ብለው የተረጎሙት ዝምታ ነው። ይሁን እንጂ ሰው አዲስ ዓይን አግኝቶ አየሁ ሲል፣ አላየህም ብሎ የሚነግረው ምን አንጀት ያለው ነው? ኑሰይባ አፏን ልትከፍት ነበር። የቀደመቻት ግን የሺመቤት ናት።

«እሷ አይደለችም፣ ጋሼ።»

«እሷ ናት።»

«አይደለችም። እሷ የዱሮዋ ኮከብ ናት፤ ሁልጊዜም እዚያ ናት።» እጆቿ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ይመስል ወደ ጎኗ ተጣብቀዋል። «ተሳስተዋል።»

ጋሽ ጥዑመ ልሳን መነጽሩን አወረዱና ዞረው አዩአት። በዚያ ድንግዝግዝ እንኳ ፊቷ በደንብ ታያቸው፤ ፈርታለች፣ ግን ዓይኗን አልሰበረችም። እሳቸውም በዚያ ቅጽበት የተሰማቸው ደስታ መሆኑ ራሳቸውን አስገረማቸው። ይቺ ልጅ አሁን ገና ሰማይ ማየት ጀመረች ብለው አሰቡ፤ ወዲያውም፣ እኔም እንዲሁ ብለው ጨመሩ።

«በይ አሳዪኝ» አሉ።

የሺመቤት ክንዳቸውን ይዛ አዞረቻቸው። «ዝቅ ይበሉ። ጥንዶቹን ይለፏቸው። ወደ ግራ፤ ትንሽ፣ ትንሽ። አሁን ይቁሙ።»

እዚያ ነበረች። ትንሽ፣ ቀላ ያለች፣ ልትከስም የደረሰች ፍም የምታህል። በእሳቸው ዘመን በማንኛውም ካርታ ላይ ያላዩዋት፣ ከወር በኋላም የማያገኟት። አልተወዛወዘችም፤ መነጽሩ ወደ ግራ ሲሄድ አብራ አልሄደችም። ጋሽ ጥዑመ ልሳን አለቀሱ። ሐኪሟ ዓይንዎን አይንኩ ስላለቻቸው እንባቸው ሳይጠረግ ጢማቸው ላይ ፈሰሰ፤ ማንም ሊያባብላቸው አልሞከረም።

ከዚያ አራቱም ጀርባ ለጀርባ ዞረው ጻፉ። ኑሰይባ ወረቀቶቹን ሰብስባ በስልኳ መብራት አነበበች፤ የየሺመቤት አምስት ነጥብ ዘጠኝ፣ የአባቷ ስድስት፣ የራሷ አምስት ነጥብ ስምንት። የመጨረሻውን ገልጣ ወደ መብራቱ አስጠጋችው።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ስድስት ነጥብ ሦስት ነው» አለች። «ከሁላችንም የራቀው የእርስዎ ነው።»

«ያየሁት እሱን ነው» አሉ ጋሽ ጥዑመ ልሳን። «እንዳለ ላኪው።»